ከድሬዳዋ ቶሮንቶ ወይ ሜልበርን ስንት ሰዓት ነው? ርቀቱንም ጊዜውንም ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

"ከድሬ ቶሮንቶ ስንት ሰዓት ነው?" "የሚርቀው ሜልበርን ነው ካናዳ?" "ትኬቱ ላይ ስቆጥረው 9 ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ልጄ ግን አንድ ቀን ሙሉ ነው ትላለች፣ ማናችን ነን ልክ?" ትኬት ስለምቆርጥ ነው መሰለኝ እነዚህን ሳልጠየቅ የማልፈው ሳምንት የለም፣ ለሁሉም በየተራ ድምፅ ቀርጬ ከምልክ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠውና እያያችሁ ራሳችሁ አስሉት። ከባድ ሂሳብ የለውም፣ መደመርና መቀነስ ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። ርቀቱ ለብቻው ነው፣ አየር ላይ የምትቆዩበት ሰዓት ለብቻው ነው፣ ከቤት ወጥታችሁ ዘመድ ጋር እስክትደርሱ ያለው ደሞ ለብቻው ነው። ከድሬ ቶሮንቶ ቀጥታ ሲለካ 11,660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከድሬ ሜልበርን 11,800 ገደማ። ልዩነቱ 140 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከድሬ ብትነሱ አዋሽ እንኳን አያደርሳችሁም። ጉዞው ግን ከታች ስንሰራው እንደምታዩት በ7 ሰዓት ይለያያል። ስለዚ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው" ብሎ ጠይቆ ከዛ ሰዓቱን መገመት አያዋጣም።

የሚያስፈልጋችሁ

- ሙሉው የጉዞ ወረቀት፣ ማለት እያንዳንዱ በረራ መነሻና መድረሻ ሰዓቱ የተጻፈበት። ዋጋው ብቻ የሚታይበት ስክሪንሾት ልካችሁ "አስላልኝ" አትበሉ፣ አይሰላም።
- ጉግል ማፕ ያለው ስልክ፣ ኮምፒውተር ካገኛችሁ ይሻላል
- ስልኩ ውስጥ ሰዓት የሚለው አፕ ላይ ያለው የዓለም ሰዓት
- የፈረንጁም የኛም ቀን አንድ ላይ ያለበት ካላንደር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ይሆናል
- ወረቀትና እስክሪብቶ። በቃል አስላለሁ የሚል ሰው ለሊቱ ጋ ሲደርስ ይጠፋበታል።

ደረጃ 1፦ ጉዞውን በየበረራው ቆራርጡት

ከድሬ ቶሮንቶ የሚባል አንድ በረራ የለም። ድሬ–አዲስ አንድ ነው፣ አዲስ–ቶሮንቶ ሌላ ነው። ሜልበርን ከሆነ ሦስት ይሆናል፣ ድሬ–አዲስ፣ አዲስ–ዱባይ (ወይ ዶሃ፣ ወይ ሌላ)፣ ከዛ ወደ ሜልበርን። እያንዳንዱን በየመስመሩ ጻፉት፣ በመሃሉ ለቆይታው ባዶ መስመር ተዉ።

ስትጽፉ የከተማውን ስም ብቻ ሳይሆን ባለ ሦስት ፊደሉን ኮድ እዩ። ድሬ ዲ–አይ–አር ናት፣ ቦሌ ኤ–ዲ–ዲ፣ ቶሮንቶ ፒርሰን ዋይ–ዋይ–ዜድ፣ ዱባይ ዲ–ኤክስ–ቢ፣ ሜልበርን ኤም–ኢ–ኤል። ይሄ ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ አንድ ከተማ ሁለት ሦስት ኤርፖርት ሊኖረው ይችላል። ዋሽንግተን ላይ ደለስ አለ ሬገን አለ፣ ለንደን ላይ ሂትሮው አለ ጋትዊክ አለ፣ በአንዱ አርፋችሁ ከሌላው የምትነሱ ከሆነ በመሃል በመኪና ከተማ ማቋረጥ አለ ማለት ነው፣ የሚቀበላችሁም ሰው የቱ ጋ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው በኮዱ ነው።

ሐረር ያላችሁ መነሻችሁ ያው ድሬ ነው፣ የመኪናውን መንገድ ወደ መጨረሻ እንመጣበታለን።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን ለኩ

ስልክ ላይ ጉግል ማፕ ክፈቱ፣ የመነሻውን ኤርፖርት ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ቀይ ምልክት ትወጣለች፣ ከታች የሚመጣውን ገጽ ወደ ላይ ስትስቡት ርቀት መለኪያ የሚል ታገኛላችሁ፣ እሱን ነክታችሁ ካርታውን ወደ መድረሻው ኤርፖርት መጎተት ነው። ለረጅም ርቀት ጣት ይደክማል፣ ኮምፒውተር ላይ በማውሱ ቀኝ በኩል ተጭናችሁ ያንኑ መለኪያ ብትመርጡ ይቀላል።

መስመሩ ታጥፎ ስታዩት እንዳትደነግጡ። መሬት ክብ ናት፣ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስትዘረጋ አጭሩ መንገድ ጎብጦ ነው የሚታየው። ከአዲስ ቶሮንቶ ያለው አጭር መስመር በሱዳን አድርጎ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ አውሮፓ ላይ አልፎ ነው አትላንቲክ ውስጥ የሚገባው። በማስመሪያ ካርታ ላይ ለክታችሁ ያገኛችሁት ቁጥር ስለዚህ ትክክል አይሆንም።

እኔ የለካኋቸው እነዚህ ናቸው፣ ሁሉም በግምት፦

- ድሬ–አዲስ 343 ኪሎ ሜትር
- አዲስ–ቶሮንቶ 11,500
- አዲስ–ዋሽንግተን ደለስ 11,560
- አዲስ–ዱባይ 2,520
- ዱባይ–ሜልበርን 11,645
- አዲስ–ጂዳ 1,410

አሁን ደምሩ። ቶሮንቶ 343 ሲደመር 11,500፣ 11,843 ይመጣል፣ ከቀጥታው የሚበልጠው በ180 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው አዲስ አበባ መንገዱ ላይ ነች። ወደ ምስራቅ ስትሄዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከድሬ ዱባይ ቀጥታ ቢኬድ 2,250 ገደማ ነበር፣ በአዲስ ስትሄዱ ግን መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ተመልሳችሁ ነው እንደገና ወደ ምስራቅ የምትበሩት፣ 2,860 ይሆናል። ሜልበርን በዱባይ ሲሆን ጠቅላላው 14,500 አካባቢ ይደርሳል፣ ከቀጥታው በ2,700 ይበልጣል። ትኬት ቆራጩ ያበላሸው ነገር የለም፣ ከድሬ ቀጥታ በረራ ስለሌለ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ድረገጽ በማይል ነው የሚያወጣው። 1 ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፣ የአብራሪዎቹ ኖቲካል ማይል ደሞ 1.852። ቁጥሩ ካሰባችሁት በጣም ካነሰባችሁ መጀመሪያ መለኪያውን እዩ።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ወደ በረራ ሰዓት ቀይሩ

ቀላሏ ዘዴ ይቺ ናት፦ ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍሉ፣ ከዛ 40 ደቂቃ ጨምሩ። ትልልቆቹ ጄቶች ከፍታ ላይ ሲደርሱ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳሉ፣ ግን መስመሩ ሁሌ ቀጥ አይልም፣ 850 ለዛ ነው። 40 ደቂቃዋ ደሞ አውሮፕላኑ በር ዘግቶ መሬት ላይ የሚዞርበት፣ የሚወጣበትና የሚወርድበት ናት፣ ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት እሷንም ይዞ ነው።

ሞክሩት። ድሬ–አዲስ 343 ለ850 ሲካፈል 24 ደቂቃ፣ 40 ሲጨመር አንድ ሰዓት ከ4። ትኬቱም አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚለው። አንዳንዴ ፕሮፔለር ያላት ትንሿ አውሮፕላን ናት የምትመጣው፣ እሷ ትንሽ ቀስ ትላለች ግን በዚህ ርቀት ልዩነቱ የደቂቃ ነው። አዲስ–ዱባይ በዚሁ ስሌት 3 ሰዓት ከ38 ይመጣል፣ ትኬት ላይ ወደ 4 ታያላችሁ። አዲስ–ቶሮንቶ 14 ሰዓት ከ12።

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚከራከረኝ፣ "ወንድሜ ሲሄድ ወደ 17 ሰዓት ነው የፈጀበት" ይላል። ልክ ነው። ሁለት ምክንያት አለ።

አንዱ ንፋስ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ፣ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል። ለዛ ነው መመለሻው ሁሌ የሚያጥረው።

ሁለተኛው ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ድሬ ከሱ በግማሽ ገደማ ዝቅ ትላለች። እዛ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል፣ ስለዚ አውሮፕላኑ ሰውም ጭነትም ይዞ ታንኩን ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ያስቸግረዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ አንድ ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ፣ አርፎ ይሞላል። ከቶሮንቶና ከዋሽንግተን ሲነሳ ግን ኤርፖርቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ሞልቶ ይነሳል፣ ንፋሱም ያግዘዋል፣ አንድ ትንፋሽ ወደ አዲስ። ወረቀታችሁ ላይ በረራው ማረፊያ እንዳለው ከተጻፈ ለማረፊያው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጨምሩ። ከአውሮፕላኑ ላያስወርዷችሁ ይችላሉ፣ ያው ሰዓቱ ግን ይቆጠራል።

ደረጃ 4፦ የትኬቱን ሰዓት ወደኛ ሰዓት መልሱ

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ይሄኛው ደረጃ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ትኬት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ ቀኑ ደሞ እኩለ ለሊት ላይ ይቀየራል። እኛ ጋ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። አቀያየሩ፦

- ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሱ። 17:30 ማለት 11 ሰዓት ተኩል ነው።
- ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ቀንሱ። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል።
- ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ደምሩ። 00:30 ማለት ከለሊቱ 6 ሰዓት ተኩል።

ሦስተኛዋ መስመር ናት ሰው የምትጥለው። ትኬታችሁ "ጃንዋሪ 15፣ 00:30" ይላል እንበል። ካላንደሩን ታያላችሁ፣ ጃንዋሪ 15 በአብዛኛው ዓመት ጥር 7 ነው። "እሺ ጥር 7 ለሊት 6 ተኩል" ብላችሁ ጥር 7 ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ስታሰሩ ዋላችሁ፣ ማታ ኤርፖርት ስትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ፈረንጆቹ 00:30 ሲሉ ጃንዋሪ 15 ከገባ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው፣ እኛ ያንን ለሊት የጥር 6 ማታ ነው የምንለው። ጥር 6 አመሻሽ ላይ ቦሌ መገኘት አለባችሁ፣ ከድሬ ደሞ ጥር 6 ቀን ላይ መነሳት አለባችሁ።

የባሰው ደሞ የድሬ–አዲሱን ለብቻ ሲገዙ ነው፣ "ዋናው በረራ ጃንዋሪ 15 ነው" ብሎ የሀገር ውስጡን ጃንዋሪ 15 ከሰዓት የሚቆርጥ አለ። ዋናው አውሮፕላን በዛን ሰዓት አትላንቲክ ላይ ነው።

ስለዚ ትኬቱ ላይ ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ መነሻ ሰዓት ካያችሁ ወዲያው እስክሪብቶ አንሱና ከጎኑ "ከዋዜማው ማታ" ብላችሁ የዋዜማውን ቀን ስም ጻፉበት፣ ሰኞ ነው ማክሰኞ ነው ብላችሁ። ቀን በቁጥር ያሳስታል፣ የቀን ስም ግን ብዙም አያሳስትም።

አንዳንድ ትኬት በ24 ሰዓት ፋንታ ኤኤም ፒኤም ይላል። 12:30 ኤኤም እኩለ ለሊት ካለፈ በኋላ ያለው ነው፣ 12:30 ፒኤም ደሞ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ነው። እዚህም በ12 ሰዓት መሳሳት አለ።

ደረጃ 5፦ ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ ሰዓት አምጡና ቀንሱ

ትኬት ላይ የተጻፈ መነሻ ሰዓት የሚነሳበት ከተማ ሰዓት ነው፣ መድረሻው ደሞ የሚያርፍበት ከተማ ሰዓት። ሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን ዝም ብሎ መቀናነስ አይሆንም፣ ያቺ "9 ሰዓት ነው" የምትባለዋ የምትመጣው ከዚህ ነው።

የጊዜ ልዩነቶቹ ከኛ አንጻር፦

- ጂዳ፣ ሪያድ፣ ዶሃ፦ ከኛ እኩል
- ዱባይ፦ በ1 ሰዓት ይቀድመናል
- ቶሮንቶ፣ ዋሽንግተን፦ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ፣ በበጋቸው በ7
- ሜልበርን፦ በበጋቸው በ8 ሰዓት ይቀድሙናል፣ በክረምታቸው በ7

እኛም ዱባይም ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። ቶሮንቶና ዋሽንግተን በማርች ሁለተኛው እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጉና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ይመልሳሉ። ሜልበርን ከኦክቶበር የመጀመሪያው እሁድ እስከ ኤፕሪል የመጀመሪያው እሁድ ነው ወደፊት የምታደርገው፣ ምክንያቱም በጋዋ እኛ ገና ጥምቀት ስናከብር ነው። ጉዟችሁ በነዚህ እሁዶች አካባቢ ከሆነ የዓለም ሰዓቱ የሚያሳያችሁ የዛሬውን ልዩነት እንጂ የጉዞውን ቀን አይደለም።

አሁን በምሳሌ እንስራው። ሰዓቶቹን ለማሳያ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ የናንተን በቦታው ተኩት። ወሩ ጃንዋሪ ነው።

ቶሮንቶ፦ ሰኞ ከድሬ 17:30 ተነሳ፣ አዲስ 18:30 ደረሰ። ከአዲስ 22:30 ተነሳ፣ ቶሮንቶ ማክሰኞ 07:30 ደረሰ። ከ22:30 እስከ 07:30 ብትቆጥሩ 9 ሰዓት ነው። ግን 07:30 የቶሮንቶ ነው፣ በኛ 8 ሰዓት ሲጨመር ማክሰኞ 15:30 ይሆናል፣ ቀን 9 ሰዓት ተኩል። ከሰኞ 22:30 እስከ ማክሰኞ 15:30፣ 17 ሰዓት። ከድሬ ስትቆጥሩት ከ17:30 እስከ በማግስቱ 15:30፣ 22 ሰዓት።

መመለሻው፦ ከቶሮንቶ 11:00 ተነስቶ አዲስ በማግስቱ 08:00 ደረሰ። በወረቀቱ 21 ሰዓት ይመስላል። የቶሮንቶ 11:00 በኛ 19:00 ነው፣ ከ19:00 እስከ 08:00፣ 13 ሰዓት ብቻ። ሲሄዱ 9፣ ሲመለሱ 21 የሚመስለው ጉዞ እውነቱ ሲሄዱ 17 ሲመለሱ 13 ነው።

ሜልበርን፦ ሰኞ ከድሬ 17:30፣ አዲስ 18:30። ከአዲስ 23:00፣ ዱባይ ማክሰኞ 04:00። ከዱባይ 10:00፣ ሜልበርን ረቡዕ 06:30። ረቡዕ 06:30 ሜልበርን ላይ ሲሆን ድሬ ገና ማክሰኞ 22:30 ነው፣ ከምሽቱ 4 ተኩል። ከሰኞ 17:30 እስከ ማክሰኞ 22:30፣ 29 ሰዓት። ከቶሮንቶው በ7 ሰዓት ይበልጣል ያልኩት ይሄው ነው። ከሱ ውስጥ 10 ሰዓት ተኩሉ አዲስና ዱባይ ኤርፖርት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ይሄን ስሌት ችላ አትበሉት፣ በተለይ የስኳር ወይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናትና አባት ከሆኑ የሚሄዱት። "በየ12 ሰዓቱ" የተባለ መድኃኒት የደረሱበት ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አያውቅም፣ የሚቆጠረው ያለፈው ሰዓት ነው። እኔ የምመክረው የእጅ ሰዓት አስረውላቸው እስኪደርሱ በአዲስ አበባ ሰዓት እንዲቆይ ነው፣ ስልኩ ባረፉበት ሁሉ ራሱን ይቀያይራል። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያሸጋግሩት ደሞ ሳይሄዱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፣ ሲጠይቁ ይሄንን የሰዓት ወረቀት ይዘው ቢሄዱ ሐኪሙም ይቀለዋል።

ደረጃ 6፦ የመሃል ቆይታውን ፈትሹ

ቆይታ ቀላል ነው፣ ሁለቱም ሰዓት የአንድ ከተማ ስለሆነ ዝም ብሎ መቀነስ ነው። 18:30 ደርሳችሁ 22:30 ከተነሳችሁ 4 ሰዓት። ግን 4 ሰዓት አላችሁ ማለት አይደለም፣ ቦሌ ላይ ከሀገር ውስጡ ወደ ዓለም አቀፉ ስትሻገሩ ፍተሻ አለ፣ የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ በሩ ደሞ ከመነሻው ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። ማታ ላይ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄደው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚሰለፈው።

አንድ ትኬት ነው ወይስ ሁለት ትኬት? ይሄን ሳታዩ አትክፈሉ። በአንድ ትኬት ከሆነ የድሬው በረራ ቢዘገይና ቢያመልጣችሁ አየር መንገዱ ቀጣዩ ላይ ያስገባችኋል። የድሬውን ለብቻ ከቆረጣችሁ ግን ለሁለተኛው በረራ እናንተ ያልመጣችሁ ሰው ናችሁ፣ የዘገየበት ምክንያት አያገባውም። ለብቻ መቁረጥ ግድ ከሆነ ከዋዜማው ሂዱና አዲስ እደሩ። የሻንጣ ኪሎውም እንደዛው ነው፣ ለብቻ ሲሆን የሀገር ውስጡ ልክ ነው የሚሰራባችሁ፣ እሱ ደሞ ያንሳል፣ ለካናዳ ብላችሁ ያሰራችሁት ሻንጣ ድሬ ላይ ሊከፈልበት ነው።

ድሬ ላይ ሻንጣ ስታስረክቡ እጀታው ላይ የሚጠመጠመውን ወረቀት አንብቡት። በትልቁ የተጻፈው ኮድ የመጨረሻ ከተማችሁ መሆን አለበት፣ ዋይ–ዋይ–ዜድ ወይ ኤም–ኢ–ኤል። ኤ–ዲ–ዲ ብቻ ከሆነ ሻንጣው ቦሌ ነው የሚወርደው፣ አውርዳችሁ እንደገና ማስረከብ አለባችሁ፣ ለዛ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ከቆይታው ላይ ቀንሱ። ገና እዛው ቆማችሁ ጠይቁ፣ ሻንጣው ከሄደ በኋላ ማስተካከል ጣጣ ነው።

በሌላ ሀገር የምትሸጋገሩ ከሆነ፣ በተለይ ማደር ካለ፣ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቅ አይጠየቅ ቀድማችሁ አጣሩ።

ደረጃ 7፦ ከቤት በር ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ከበረራው ሰዓት ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። 17:30 ነው የሚነሳው፣ 2 ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት መገኘት፣ 15:30፣ ማለት ቀን 9 ሰዓት ተኩል። ድሬ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ሳቢያንም ይሁን መጋላ፣ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው።

ሐረር ከሆናችሁ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ሚኒባሱ በአንድ ሰዓት ያደርሳል ይባላል፣ ያደርሳልም፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መኪናውንም ሰውንም ያቆመዋል፣ ደንገጎ ላይ ደሞ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ አንድ የጭነት መኪና ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፣ ማለፊያ የለም። 2 ሰዓት ያዙ። ስለዚ ከሐረር 13:30፣ ቀን 7 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው መንቀሳቀስ አለበት፣ መሳፈር ሳይሆን መንቀሳቀስ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ የሚቆምበት ከዚህ ውጪ ነው። ለጉዞ ቀን ኮንትራት ብትይዙ አይቆጫችሁም፣ ሊሸኝ የሚመጣው ሰው ብዛት ለብቻው ሚኒባስ ይሞላል።

ደምሩት፦ ከሐረር ሰኞ 13:30 ተነስቶ ቶሮንቶ በኛ ሰዓት ማክሰኞ 15:30፣ 26 ሰዓት። እዛ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ መጠበቅ ሲጨመር 27 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ለ"ስንት ሰዓት ነው" መልሱ ይሄኛው ቁጥር ነው።

ደረጃ 8፦ ለሚቀበለው ሰው የምትልኩት

"ማክሰኞ ጠዋት እገባለሁ" ብላችሁ አትላኩ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ የበረራ ቁጥሩ፣ የኤርፖርቱ ኮድ፣ የሚያርፍበት ሰዓት በነሱ ሰዓት፣ በፈረንጅ ቀንና በቀን ስም። ሐረር ወይ ድሬ ለቀረው ቤተሰብ ደሞ በኛ ሰዓት ጻፉላቸው፣ "ማክሰኞ ቀን 9 ተኩል ላይ ያርፋል፣ 11 ሰዓት ሳይሆን አትጨነቁ" ብላችሁ። ካልሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ "ለምን አልደወለም" ተብሎ ሰፈሩ ይታመሳል፣ አውሮፕላኑ ገና ባህር ላይ ነው።

ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው

ከመድረሻው ሰዓት ጎን ያለችውን ትንሿን +1 አለማየት። በማግስቱ ማለት ናት፣ +2 ከሆነ ከዛም በማግስቱ። ስልክ ላይ በጣም ታንሳለች፣ አንዳንዴ ስክሪንሾት ሲቆረጥ ጭራሽ ትጠፋለች፣ ያኔ ቶሮንቶ በተነሱበት ቀን ጠዋት የተደረሰ ይመስላል።

ልዩነቱን በተቃራኒው መጠቀም። ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው መድረሻ ሰዓት ወደኛ ሲመጣ ይደመራል፣ ወደ ምስራቅ የሄደው ይቀነሳል። ከተምታታባችሁ ስልኩን ክፈቱና "አሁን እዛ ስንት ሰዓት ነው" የሚለውን እዩ፣ ከኛ ካነሰ ደምሩ፣ ከበለጠ ቀንሱ።

የበረራ ሰዓቱን ከድረገጽ ወስዶ ቆይታውን መርሳት። ፍለጋ ላይ "አዲስ ቶሮንቶ" ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አውሮፕላን ሳያርፍ ቢበር የሚለው ስሌት ነው፣ ነዳጅ መሙያውም የድሬ–አዲሱም በረራ የለበትም።

አንዴ አስልቶ መተው። አየር መንገዶች በማርች መጨረሻና በኦክቶበር መጨረሻ የወቅት ፕሮግራም ይቀያይራሉ፣ ከወራት በፊት የተቆረጠ ትኬት ሰዓቱ ተቀይሮ ኢሜይል ተልኮላችሁ ይሆናል፣ ኢሜይሉ የተከፈተው ግን በአጎት ልጅ ስልክ ከሆነ ማንም አያየውም። ከጉዞው 3 ቀን በፊት የቦታ ማስያዣ ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ሰዓቶቹን እንደገና እዩ፣ አንዱ እንኳን ከተቀየረ ከደረጃ 4 ጀምራችሁ ድጋሚ አስሉ።